ባለቤት የሌለው እንግሊዝኛ

መጀመሪያ ያጣላን ሰዓት ነው። ኢዝሚር ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ልጆቻችንን በቪዲዮ ለማገናኘት ከቱርኳ መምህርት ጋር ስጻጻፍ «ማክሰኞ በሦስት ሰዓት» ብዬ ላክሁ፤ እሷም «እሺ፣ በሦስት» ብላ መለሰች። ማክሰኞ ጠዋት አርባ ሁለት ልጅ፣ አንድ ላፕቶፕና ከኮምፒውተር ክፍል በልመና የወጣ ፕሮጀክተር ይዘን ተቀመጥን። ማንም የለም። «ቲቸር፣ ሸወዱን» አሉ ልጆቹ። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳቸውን እያነገቱ ሲወጡ ስልኬ ጮኸ፤ «የት ናችሁ? ሠላሳ ልጅ እየጠበቀ ነው።»

ቱርክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቷን በበጋና በክረምት መቀያየር ትታ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ነች። እነሱ ጋ ሲነጋ እኛም ጋ ነግቷል። እኛ ግን ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለውን መልመጃ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ።

* * *

ልጆቹን ያገናኘንበትን ጨዋታ «ሚስጥራዊ ስካይፕ» ይሉት ነበር። ስካይፕ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ጨዋታው ግን አልቀረም። ሁለት ክፍሎች የየት አገር ሰው መሆናቸውን ሳይነጋገሩ በካሜራ ይገናኛሉ። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ በሚያስመልስ ጥያቄ አንዱ የሌላውን አገር ፈልጎ ያወጣል። አገሩን የሚያውቁት መምህራኑ ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ቀጠሮ (ሰዓቱን በሃያ አራት ቆጥረን ነው የያዝነው) አንዲት ቱርካዊት ልጅ ተነስታ «አገራችሁ አፍሪካ ውስጥ ናት?» ብላ ጠየቀች። እኛን ወክሎ ፊት የተቀመጠው ልጅ ዓይን አፋር ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለና ትንፋሹን «እህ» ብሎ ወደ ውስጥ ሳበ። እኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ «አዎ» የለም። ቱርክ ውስጥ ግን ቅንድብ ሽቅብ ሲነሳ «አይደለም» ማለት ነው። ልጅቷ ዞር ብላ ከሰሌዳው ላይ አፍሪካን ስትሰርዝ በካሜራ አየናት።

ከዚያ በኋላ ሕንድ ሄዱ። ከሕንድ ወደ ብራዚል ተሻገሩ። የእኛው ልጅ ግራ ገብቶት ያየኛል፤ እኔም ሕጉ አፌን ይዞኛል። ብራዚልም አልሆን ሲላቸው ከኋላ ወንበር አንዷ ትዕግሥቷ አልቆ «አፍሪካ! አፍሪካ ብለናችኋል እኮ!» ብላ ጮኸች፣ በአማርኛ። ጨዋታው እዚያ ላይ ፈረሰ። እስኪደወል ድረስ ሰባ ልጅ ቅንድብ ሲያነሳና ሲጥል፣ «ይሄስ?» «ይሄኛውስ?» እየተባባለ ሲስቅ ዋለ። በመማሪያ መጽሐፋችን መሠረት የዚያን ቀን ልንማር የሚገባን ፓሲቭ ቮይስ ነበር።

* * *

«የተወለድኩት በ2001 ነው» ብሎ የጻፈ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጃችን ከኢዝሚር የደረሰው መልስ፦ «ሃያ አራት ዓመትህ ነው? ለምን እስካሁን አሥረኛ ክፍል ነህ? አትዘን፣ አጎቴም እንዲሁ ነበር።»

* * *

ስም ሌላ ጣጣ ነው። ልጆቻችን ሙሉ ስማቸውን ይልካሉ፤ መልሱ የሚመጣው በአባታቸው ስም ነው። አንዷ ልጅ «ውድ ተስፋዬ» የሚል ደብዳቤ ደርሷት «ለአባዬ ነው የተጻፈው» ብላ ሳትከፍት ቤት ልትወስደው ነበር። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለን፣ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ስለን አስረዳን። በዚህ ጊዜ የኢዝሚሯ መምህርት ጣልቃ ገብታ ለራሷ ተማሪዎች የማያውቁትን ነገረቻቸው። ቱርክም የቤተሰብ ስም ግዴታ ያደረገችው በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው፤ መሪያቸው የነበረው ሰው «አታቱርክ» የሚለውን ስም ያገኘውም ያን ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ቅድመ አያቶቻቸው እንደ እኛው «የእገሌ ልጅ እገሌ» ነበሩ። ልጆቹ የእኛን ስም ሊጠይቁ መጥተው የራሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ቱርኮቹ አስተማሪያቸውን በእንግሊዝኛ «ማይ ቲቸር» እያሉ መጥራታቸው የእኛን ልጆች ያስቃቸው ነበር፤ እኛ ዘንድ «ቲቸር» ብቻ ነው። ቱርክኛው «ኦሬትመኒም» እንደሆነና ትርጉሙም «አስተማሪዬ» ማለት እንደሆነ ሲነገራቸው አንዱ በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ «የኔታ ማለት ነዋ!» አለ። የእኔ ጌታ። ሳቁ ቆመ።

* * *

ከሁሉ አሰልቺው ክፍል «አገራችንን እናስተዋውቅ» የሚለው ነው። የእኛዎቹ ላሊበላን፣ አክሱምን፣ ጎንደርን ይደረድራሉ፣ በመጨረሻም «የ13 ወር ፀጋ» ይላሉ። የእነሱዎቹ አያ ሶፊያን፣ ካፓዶቂያን። ሁለት የአስጎብኚ ማኅበራት ስብሰባ የተቀመጡ ይመስላል። የሚጠይቅ የለም፤ ምን ብለው ይጠይቁ? ሐውልት መልስ አይሰጥም።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ስላይዱ ጠፋ። በስልክ ዳታ ብቻ ስንቀር ልጆቹን «በቃ ምሳ ዕቃችሁን አሳዩአቸው» አልኳቸው። ያን ቀን ነው መነጋገር የጀመሩት። ሽሮ ፍትፍት በካሜራ ሲቀርብ፣ ከወዲያ ደግሞ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት የመሰለ ዳቦ ወጣ፤ ሲሚት ይሉታል። ሰሊጥን በእንግሊዝኛ የሚጠራ ከሁለቱም ወገን ጠፋ። የቱርኩ ልጅ አንዷን ፍሬ በጣቱ ጫፍ ነቅሎ ካሜራው ላይ ለጠፋት። የእኛዎቹ በአንድ ድምፅ «ሰሊጥ!»

* * *

«የቱርክ ቡና» የሚለው ስም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በልቶብናል። የቱርክ ቡና ባህል በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ መስፈሩን በኩራት ነገሩን። የእኛ አንዷ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «እናንተ አገር ቡና የሚበቅለው የት ነው?» ረጅም ዝምታ።

* * *

ስለ ዳቦው ልንገራችሁ። ለገና ሰሞን ቀጠሮ አንዷ ተማሪ እናቷ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። ካሜራው ፊት አስቀምጣ ከሥሩ የተጣበቀውን የኮባ ቅጠል ትልጥ ጀመር። ቅጠሉ ሲነሳ የደም ሥሩ መስመር በመስመር ዳቦው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከወዲያ በኩል ሠላሳ ፊት ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ «ለእናትሽ እጅ ጤና» አለች።

መምህርቷ ከጥግ ወዲያው አረመቻት፤ «እንደሱ አይባልም፣ ‹ጣፋጭ ይመስላል› ነው የሚባለው።» ትክክል ናት፤ እኔም ብሆን አርም ነበር። ባለ ዳቦዋ ግን ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ እጇ ይባረክ ማለቷ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት። ፊቷ በራ፣ መመለስም ፈለገች። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» የሚለው ነው የመጣላት። «ቁርጥማት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» «ሩማቲዝም» አልኩ ሳላስብ። እሷም ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ሜይ ሩማቲዝም ኖት ተች ዩር ሃንድ» ብላ ለኢዝሚር አሰማች።

ቱርኮቹ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አጨበጨቡ። ለእጅ ምርቃት ያላቸው ሰዎች ናቸውና ምርቃቱ ቶሎ ገባቸው። እንግሊዝኛ ለምግብ አድናቆት አለው፣ ለጋገረው እጅ ግን የተሰናዳ ቃል የለውም። ሁለት መምህራን ቀይ እስክሪብቶአችንን እንደያዝን ቀረን።

* * *

አንድ ቀን ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኝ የመጣ እንግሊዛዊ ቪዲዮው ላይ ደረሰ። ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ፣ ፈገግ አለ፣ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አለ። የሚቀጥል ጠፋ። ከእኛ በኩል ብቻ ቢሆን ይሉኝታ ነው እል ነበር። ኢዝሚርም ጸጥ አለች። ሁለት ወር ሙሉ «ዚስ» እና «ዲስ»፣ «ሲንክ» እና «ቲንክ» እየተባባሉ አንዴም ሳይደናገሩ የከረሙ ልጆች የቋንቋው ባለቤት ሲመጣ የሰው ዕቃ እንደተዋሰ ሰው ሆኑ። ሰውየው ምንም አላጠፋም።

ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት የቋንቋ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ በትክክል የሚያደናግራቸው ምን እንደሆነ አጥንታለች። እኛ ዕድሜያችንን «ምላስ በጥርስ መሀል አድርጉ» እያልን የምንደክምበት ያ ድምፅ ከሚያደናግሩት ውስጥ የለም። ከቃል መጀመሪያ ተነባቢ መጣል ያደናግራል፤ ረጅሙንና አጭሩን አናባቢ ማምታታት ያደናግራል። አናባቢ መጨመር ግን ያን ያህል ጉዳት የለውም። እኛ «እስታዲየም» እንላለን፤ ቱርኮች ባቡር ጣቢያን «ኢስታስዮን» ይላሉ። ሁለታችንም ኤስና ቲን ያለ ድጋፍ ማስነሳት ይከብደናል፤ ስለዚህ ተግባባን።

* * *

በ1996 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ፣ እንግሊዝኛው የጠራ፣ ፍጥነቱ ለማንም የማይቀንስ ነበር። «አልገባኝም» ቢባል አይሰማም ነበር። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ለዓመታት ሰምተዋል፤ «ይቅርታ፣ ድገሚልኝ» ብለው የሚደገምላቸው ሰው ያገኙት ግን ኢዝሚር ላይ ነው። ቱርኳ ልጅም ትደግማለች፣ ካልሆነ በእጇ ትሥላለች፣ እሱም ካልሆነ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳያለች።

* * *

በእኛ ጊዜ ፔንፓል ነበር። ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ በምትባል ከተማ (ከቱርክ ጋር ዝምድና የላትም) የወጣቶችን አድራሻ እያዛመደ የሚልክ ድርጅት ነበር፤ በ1952 ተቋቁሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ለቤት አይታደልም ነበርና የሁላችንም አድራሻ የትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ ስማችን በሰልፍ ላይ ይጠራል፤ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ቴምብሩ ባለቤት ያገኛል።

እንግሊዝኛችን የአማርኛ ደብዳቤ ልብስ የለበሰ ነበር፦ «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» አይቶን ለማያውቅ ፊንላንዳዊ «ናፍቆትህ»! ምን ብሎ እንዳነበበው እንጃ። መልሱ ግን መጣ፤ እሱም ናፍቆኛል ይላል።

* * *

ሌላ ጊዜ፣ ከሌላ አገር፣ ከእኛ በጣም ሀብታም ከሆነ ትምህርት ቤት ጋር ተጻጽፈን ነበር። የመጀመሪያው ዙር ደብዳቤ ስለ ውሻ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ታናሽ ወንድም መበጥበጥ ነበር፤ ድንቅ። በሁለተኛው ዙር ከደብዳቤው ጋር ካርቶን ሙሉ እርሳስና ደብተር መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆቻችን ደብዳቤ ሁሉ ምስጋና ሆነ። ውሻውም ኳሱም ጠፋ። አንዱ ልጅ ረቂቁን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ታናሽ ወንድሜ ይበጠብጠኛል ብል ምስጋና ቢስ እሆናለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ስለ ጥላቻና ጭፍን አመለካከት በጻፈው መጽሐፍ፣ የተለያዩ ሰዎች መገናኘት ብቻውን አያቀራርብም ይላል፤ ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ እኩል ሆኖ መገናኘት ነው። እርሳሶቹ ጥሩ እርሳሶች ነበሩ። ደብዳቤው በሦስተኛው ዙር ቆመ።

* * *

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተራዘመ። በ2009 ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዳግም እንዳይሾልክ ተብሎ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። የዚያን ዓመት አጋሮቻችን ከእኛ ጋር የሠሩትን ቪዲዮ የሚልኩበት ሳምንት ነበር። ኢንተርኔቱ ሲከፈት አምስት ኢሜይል ጠበቀኝ፤ የመጨረሻው «ያስቀየምናችሁ ነገር አለ?» ይላል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «መንግሥት ለፈተና ሲል ኢንተርኔት ዘግቶ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል እንግሊዝኛ ነው። ማሳመኑ ነው የከበደው።

* * *

ዘንድሮ ደብዳቤዎቹ ሁሉ አማሩ። ስህተት የለም። «አይ ሆፕ ዚስ ሜሴጅ ፋይንድስ ዩ ዌል» ብሎ የሚጀምር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ! ከወዲያም የሚመጣው እንደዚያው ነው። ቻትጂፒቲ ለቻትጂፒቲ ይጽፋል፣ ልጆቹ ፖስተኛ ሆነዋል። አልከለከልኩም፤ ክልከላ አያዋጣም። ያደረግነው በእጅ የተጻፈን ወረቀት ፎቶ አንስቶ መላክ ነው፣ ስርዝ ድልዙን እንዳለ። «ለእናትሽ እጅ ጤና» ያለችውን ልጅ ማሽን ቢያርማት ኖሮ «ጣፋጭ ይመስላል» ብላ በጨረሰች ነበር።

* * *

ከተማሪዎቼ አንዷ ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች የአክስት ልጅ አለቻት። በቴሌግራም በእንግሊዝኛ ይጻጻፋሉ። የአክስት ልጅ በቅንነት ታርማታለች፤ እየታረመች መልሷ እያጠረ፣ እያጠረ፣ ወደ «ኦኬ» ወረደ። ከዚያ አንድ ማታ ተናዳ በአማርኛ ድምፅ ቀድታ ላከች። የመጣላት መልስም በአማርኛ ነው፤ «እኔ መጣች ክረምት፣ አንቺን ያያል።» እየሳቀች አሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ አንዷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሌላዋ በተሰባበረ አማርኛ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያወሩት። እናቷ ዳታ አለቀ ብለው ለእኔ ከሰሱ።

* * *

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአእምሮዬ የማይወጣው የፈረንሳዩ መምህር የሴለስታን ፍሬኔ ነገር ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባር ሱር ሉ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር አነስተኛ ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ፣ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን ራሳቸው ፊደል ለቅመው እያተሙ፣ በሌላው ጫፍ ብሪታኒ ላለ ትምህርት ቤት ይልኩ ነበር። ኅትመቱ ውጭ አገር አልሄደም፤ እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ግን የብሪታኒ ገጠር ልጅ ቤቱ የሚናገረው ብሪቶንኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከተናገረው የሚቀጣበት ዘመን ነበር። ለእሱ ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፣ እንደ እኛ እንግሊዝኛ።

እኛ አገር በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይሰጣል። የባሕር ዳር ልጅ ይማረዋል፣ የነቀምቴ ልጅ ይማረዋል፣ የጅግጅጋ ልጅ ይማረዋል። ከሦስቱ የማንም አይደለም፤ አንዱ ሌላውን በእሱ ሊያርም ወይም ሊያሳፍር አይችልም። ተማሪዎቼ የኢዝሚር ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ። «የጅግጅጋ ልጅ ምሳ ምን ይበላል?» ብዬ ስጠይቃቸው ክፍሉ ዝም አለ። እኔም አላውቅም ነበር።

በጅግጅጋ፣ በነቀምቴ፣ በአርባ ምንጭ፣ በየትም የእንግሊዝኛ ክበብ የምትመሩ መምህራን፦ አርባ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ በእጅ የተጻፈ፣ ያልታረመ። የትምህርት ቤታችሁን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኩልን። ካሜራና ኔትወርክ ከተገኘም ጨዋታውን እንጫወታለን፤ ሰዓቱን ግን በእኛው አቆጣጠር እንያዝ።